ከባዶ እግር እስከ 50 ሚሊ ሜትር ሶል

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የእንቁጣጣሽን ዋዜማ በምታከብርበት ምሽት፣ አንድ የክብር ዘበኛ ወታደር በሮም ኦሎምፒክ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አንደኛ ወጣ። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ኢትዮጵያዊ፣ ደራራ ሁሪሳ፣ የቪየናን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ከሁሉም ቀድሞ ጨረሰ። ደስታው ግን አልቆየም። ጫማው ሲታይ የሶሉ ውፍረት 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ደንቡ የሚፈቅደው 40 ነው። ውጤቱ ተሰረዘ፤ ከሦስት ሰከንድ በኋላ የገባው ኬንያዊ ሊዮናርድ ላንጋት አሸናፊ ተባለ።

በሁለቱ ቀናት መካከል 61 ዓመት አለ። አንዱ ምንም ሳያጠልቅ አሸነፈ፤ ሌላው በአንድ ሳንቲ ሜትር ትርፍ ሶል ምክንያት ያሸነፈውን ተነጠቀ። ጫማ በሩጫ ላይ ስላለው ድርሻ ለማውጋት ከዚህ የተሻለ መነሻ የሚገኝ አይመስለኝም። በውጭው ዓለም ጫማቸውን አውልቀው፣ ወይም ከስስ ሶል በቀር ምንም በሌለው ጫማ፣ በየመንገዱና በየውድድሩ የሚሮጡ ሰዎች አሉ፤ የሮሙን ወታደር፣ የአበበ ቢቂላን፣ ስም ከአፋቸው አይለዩም። እኛም ብንሆን የሮምን ታሪክ የምናነሳው ለልጆች ጽናትን ለማስተማር ነው። ያ እግር ያንን መንገድ እንዴት ቻለው ብለን የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን።

ስለ ሮም ሁለት ተረት ይወራል። አንደኛው የድህነት ተረት ነው፤ ምስኪኑ ወታደር ጫማ የሚገዛለት አጥቶ በባዶ እግሩ ሮጠ የሚል። ሁለተኛው የተአምር ተረት ነው፤ ባዶ እግሩ ራሱ ክንፍ ሆነለት የሚል። ሁለቱም ከእውነቱ ይርቃሉ። ለአትሌቶች ጫማ የሚያቀርብ ኩባንያ በቦታው ነበረ፤ አዲዳስ። አበበ ወደ ቡድኑ የገባው ዘግይቶ፣ በዋሚ ቢራቱ ምትክ ሲሆን የተገኘለት ጫማ አልተመቸውም። አገር ቤት ሳለ በልምምድ ጊዜ በባዶ እግሩ መሮጥን የለመደ ሰው ነበር። ስለዚህ እሱና ስዊድናዊው አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን የደረሱበት ውሳኔ ማንኛውም ልምድ ያለው ሯጭ ዛሬም የሚደርስበት ነው፤ በውድድር ቀን ያልለመዱት ጫማ አይጠለቅም። ውሃ የቋጠረ ተረከዝ ይዞ ማራቶን ከመግባት የራስን ውስጥ እግር ማመን ይሻላል። ይህን ድህነትም ተአምርም ልንለው አንችልም፤ የባለሙያ ጥንቃቄ ነው።

መንገዱም የዋዛ አልነበረም። ከካምፒዶሊዮ ተነስቶ፣ የጥንቱን የአፒያ መንገድ የድንጋይ ንጣፍ አልፎ፣ ወታደሮች በያዙት የችቦ ብርሃን ታጅቦ በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር የሚያበቃ ነበር። የአዲስ አበባን ኮብልስቶን በስስ ጫማ የተራመደበት ሰው ድንጋዩ ምን እንደሚመስል ይገምታል፤ ያውም በጨለማ፣ ያውም በሩጫ። አበበ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ፣ ያኔ በማራቶን ተመዝግቦ ከነበረው ፈጣን ሰዓት በአንድ ሰከንድ እንኳ የማይሞላ ማሻሻያ አድርጎ ገባ። ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም በ25 ሰከንድ ያህል ተከተለው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በባዶ እግር አማኞች ዘንድ ብዙም አይነሳም። በቀጣዩ ዓመት አበበ ኦሳካ ላይ ሲሮጥ ጫማ አድርጎ ነበር፤ የጃፓኑ ጫማ ሠሪ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ አሳምኖት እንደሆነ ይነገራል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና 40 ቀን ሳይሞላው፣ ነጭ ካልሲና ፑማ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጠ። ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎት ነበር። ከሮም ይልቅ በቶኪዮ ከሦስት ደቂቃ በላይ ፈጥኗል። ልዩነቱን ጫማው አመጣው ብዬ አልከራከርም፤ መንገዱም አየሩም ሰውየውም የተለዩ ነበሩ። ግን ባዶ እግር ለአበበ ሃይማኖት አልነበረም። የሚመቸው ጫማ ሲያገኝ አጠለቀ፣ አለቀ።

አሁን ወደ እግሩ እንምጣ። 26 አጥንት አለው፤ እነሱን ያያያዙ ጅማቶችና ጡንቻዎችም አሉ። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ያደረገ ሰው ብዙውን ጊዜ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ በተረከዙ ያርፋል። ጫማው ስለሚያለሰልስለት ምቱ አይሰማውም። ያው ሰው ጫማውን አውልቆ በዚያው አረጋገጥ አስፋልት ላይ ቢሞክር ግን ሦስተኛው እርምጃ ላይ ይተወዋል፤ ያማላ! ማንም ሳይነግረው እርምጃው ያጥራል፣ ይፈጥናልም። ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፋል። እግሩ ከፊቱ ርቆ ማረፉን ትቶ ከሥሩ ያርፋል። መሬት መጀመሪያ የሚነካው ከትንሿ ጣት ሥር ያለው የውጭው ጠርዝ ነው፤ ከዚያ የውስጥ እግሩ የፊተኛው ክፍል ወደ አውራ ጣት አቅጣጫ ይዘረጋል፤ ተረከዙ በመጨረሻ መሬቱን ነካ አድርጎ ይነሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ነው። ምቱን የሚቀበሉት ባትና የተረከዝ ጅማት ናቸው፤ ጅማቱ ተለጥጦ ያጠራቀመውን ጉልበት መልሶ ይገፋበታል።

የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ይህንኑ በመለኪያ ያሳየ ነው። በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች፣ ከእነሱም መካከል የኬንያ የስምጥ ሸለቆ ሯጮች፣ ብዙውን ጊዜ በእግራቸው የፊተኛ ወይም መሐለኛ ክፍል ያርፋሉ፤ ተረከዝ መሬት ሲመታ የሚፈጠረው ድንገተኛ ግጭትም አይታይባቸውም። ወፍራሙ የሩጫ ጫማ እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹ ፈጠራ ነው፤ ሰው ግን ከዚያ በፊት ለዘመናት ሮጧል። ክርክሩ ያማልላል።

ነገር ግን ሦስት ዓመት ቆይቶ ሌላ ጥናት መጣ፤ ይህኛው ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ኬቨን ሃታላ የተባለ ተመራማሪና ጓደኞቹ በሰሜን ኬንያ የቱርካና ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩ ዳሰነቾችን አስሮጡ። ዳሰነቾች በእኛም በኩል በኦሞ ወንዝ የታችኛው ተፋሰስ ያሉ ሕዝቦች ናቸው፤ ጫማ ሳያውቁ ያደጉ እግሮች። እነዚህ ሰዎች ረጅም ርቀት በሚሮጥበት በሚመቻቸው ፍጥነት ሲሮጡ አብዛኞቹ የሚያርፉት በተረከዛቸው ሆኖ ተገኘ! ፍጥነት ሲጨምሩ ነው ብዙዎቹ ወደ መሐለኛው ወይም ወደ ፊተኛው ክፍል የሚሸጋገሩት። እንግዲህ «የተፈጥሮ አረጋገጥ ይህ ነው» ብሎ አንዱን መርጦ መስበክ አይቻልም። ፍጥነቱ፣ መሬቱና የኖሩበት ልማድ አንድ ላይ ይወስናሉ። ዳሰነቾች አሸዋማና ለስላሳ በሆነ ሜዳ ላይ የኖሩ ናቸው፤ የኬንያ ደጋ ሯጮች ደግሞ በጠንካራ መንገድ ላይ በፍጥነት የሚሮጡ። እግር የሚሮጠው በለመደው ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ከዚህ አይርቅም።

ቆዳው እንኳ ይለምዳል። ጫማ የማያደርግ ሰው ውስጥ እግሩ መጅ ያወጣል፤ ይወፍራል፣ ይደነድናል። የደነደነ ቆዳ ስሜት ያጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በኬንያውያን ላይ የተደረገ ጥናት ግን የተለየ ነገር አሳየ፤ የቆዳው መወፈር የእግሩን የመሬት ስሜት አልቀነሰውም። ሶል ግን ይቀንሰዋል። ባዶ እግር ሯጮች የሚወዱት ይህንን ነው፤ ጠጠሩን፣ እርጥበቱን፣ የመንገዱን ዘንበል ማለት እግራቸው አስቀድሞ ያውቀዋል፣ አካሄዳቸውንም በዚያው ልክ ያስተካክላሉ።

ሌላው ዓለም ጫማ ማውለቅ የጀመረው ግን በጥናት ገፋፊነት አይደለም፤ በአንድ መጽሐፍ ነው። የክሪስቶፈር ማክዱጋል «ቦርን ቱ ረን» እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመና የሜክሲኮን የራራሙሪ ሕዝብ ለዓለም አስተዋወቀ። እነዚህ ሰዎች ገደላ ገደል በሆነ አገራቸው ቀናትን የሚፈጅ ሩጫ ይሮጣሉ፤ የሚጫሙት ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ሰንደል ነው። ከእነሱ አንዱ፣ የ55 ዓመቱ ቪክቶሪያኖ ቹሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚካሄደውን የሌድቪል 100 ማይል ውድድር በዚሁ ሰንደል አሸንፏል።

እኛ አገር ለዚህ ነገር መጽሐፍ አያስፈልግም፤ በረባሶ አለን። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው አሠራሩን ቆሞ ማየት ይችላል። ያረጀ የመኪና ጎማ በስል ቢላ በእግር ልክ ይቆረጣል፤ የጎማው ጥርስ ወደ ታች ይዞራል፤ ከቀጭን ጎማ የተሸነሸኑት ማሰሪያዎች ጎን ለጎን በተበሱት ቀዳዳዎች ገብተው በትንንሽ ምስማር ይያዛሉ። ታኮ የለው፣ ጣት የሚጨምቅ ጫፍ የለው። በውጭ አገር «ተረከዝና ጣት እኩል ከፍታ ላይ የሚያርፉበት ጫማ» እየተባለ በብዙ ዶላር የሚሸጠው ነገር ገበሬያችን እግር ላይ የኖረ ነው። ነገሩን ማጋነን ግን አልፈልግም። በረባሶ ከባድ ነው፤ ጎማው የራሱን ጉብጠት ይዞ ስለሚቀር እንደ ልብ አይተጣጠፍም፤ ማሰሪያውም ላብ ሲነካው ይፈትጋል። ዛሬ ስስ ሶል የሚባሉት የሩጫ ጫማዎች የሚመሰገኑት ታኮ ስለሌላቸው ብቻ አይደለም፤ በእጅ ተጠቅልለው ኪስ እስኪገቡ ድረስ የሚታጠፉና ክብደታቸው የማይሰማ ስለሆኑም ነው። ያም ሆኖ፣ በረባሶ አድርጎ ከብት ሲያባርር ያደገ ልጅ ሩጫ ሲጀምር እግሩ ቤቱ ሳለ የተሠራ ነው።

ከመጽሐፉ በኋላ ገበያው ደራ። ቪብራም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ለእያንዳንዱ ጣት ለየብቻው ማደሪያ የሠራለት፣ የእጅ ጓንት የሚመስል የእግር መሸፈኛ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ለአንዱ ሞዴል «ቢቂላ» የሚል ስም አወጣለት። ነገሩን አስቡት፤ ጫማ አልመች ብሎት በባዶ እግሩ ሮም ላይ የሮጠ ሰው ስም፣ በጣሊያን ኩባንያ ጫማ ላይ! የአበበ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በሚገኝ ፍርድ ቤት ከሰሱ። በቀጣዩ ዓመት ዳኛው ክሱን ዘጉት፤ ምክንያቱም ቤተሰቡ ስለ ጫማው ካወቀ በኋላ ለመክሰስ ብዙ ቆይቷል የሚል ነበር። በሕግ ዓይን ምናልባት ልክ ይሆናል። እኔ ግን አንድ የአገር ስም ሳያስፈቅዱ ሸቀጥ ላይ ለጥፈው፣ በኋላ «ለምን ዘገያችሁ» ማለት አይዋጥልኝም።

ኩባንያው ራሱም በሌላ በኩል ከሸማቾቹ ጋር ተካሶ ነበር። ጫማው የእግርን ጡንቻ ያጠነክራል፣ ጉዳት ይቀንሳል የሚለው ማስታወቂያ ማስረጃ የለውም የሚል የጋራ ክስ ቀረበበት፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ጥፋተኝነቱን ሳያምን 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልምድ ያላቸውን 36 ሯጮች ለሁለት ከፍለው ለ10 ሳምንት ተከታትለው ነበር። ወደ ባለ ጣት ጫማው ቀስ በቀስ እንዲሸጋገሩ ከተደረጉት 19 ሰዎች በ10ሩ እግር አጥንት ውስጥ እብጠት መጨመሩ በምርመራ ታየ። የአጥንት ስንጥቅ መንገዱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በወፍራም ጫማ ለ20 ዓመት የኖረ እግር በ10 ሳምንት አይለወጥም ማለት ነው። ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ይበረታሉ፤ ጡንቻ በወራት፤ ጅማትና አጥንት ግን ከሁሉም ኋላ የሚቀሩ ናቸው። ሯጩ «አሁን ችያለሁ» ሲል የሚናገረው ሳንባው ነው።

እንግዲህ ባዶ እግር ይህን ያህል የሚወደስ ከሆነ በትልልቅ ውድድሮች ለምን አናየውም? ድሮ እናይ ነበር። እንግሊዛዊው ብሩስ ተሎ እ.ኤ.አ. በ1962 ቤልግሬድ ላይ የአውሮፓን የ5,000 ሜትር ሻምፒዮና በባዶ እግሩ ወስዷል፤ በ1980ዎቹ ደግሞ የደቡብ አፍሪካዋ ዞላ በድ ነበረች። ደንቡም ዛሬ ድረስ አይከለክልም፤ አትሌት በባዶ እግሩ፣ በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጎ፣ ወይም በሁለቱም አድርጎ መወዳደር ይችላል። ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ እቴነሽ ዲሮ በ3,000 ሜትር መሰናክል ማጣሪያ በሌሎች መውደቅ ምክንያት ጫማዋ ሲበላሽባት አውልቃ ጥላ የቀረውን ርቀት፣ መሰናክሉንም ውሃውንም፣ በአንድ ባዶ እግር የጨረሰችው በዚሁ ደንብ ነው። እያለቀሰች ገባች፤ በአቤቱታም ለፍጻሜው አለፈች።

የቀረበት ምክንያት ያለው ጉልበት ላይ ነው። ጫማ በእግር ላይ 100 ግራም በጨመረ ቁጥር ሯጩ የሚያወጣው ጉልበት በአንድ በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ይህ ከተረጋገጠ ቆይቷል። በዚህ ስሌት ምንም ያላደረገ ማሸነፍ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2012 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎችን ሲለኩ ግን ቀላል ጫማ ካደረጉበት ጊዜ የተሻለ ቁጠባ አላዩባቸውም። ሶል በሌለበት ምቱን የሚያለሰልሰው ጡንቻ ነው፤ ጡንቻ ደግሞ በነጻ አይሠራም። ከዚያ በኋላ የመጡት ጫማዎች ነገሩን ጨርሰው ገለበጡት። ትዕግስት አሰፋ መስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስትጨርስ ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ይመዝናል፤ ዋጋው 500 ዶላር ነበር፤ ሶሉም ከተፈቀደው 40 ሚሊ ሜትር ለጥቂት ዝቅ ያለ ነው። ወፍራምም ቀላልም መሆን በአንድ ላይ የማይገኙበት ዘመን አለፈ። አሁን በባዶ እግሩ ማራቶን የሚያሸንፍ አይመጣም፤ በዚህ ላይ ራሳችንን አናታልል።

ታዲያ የባዶ እግር ትምህርት የቀረው የት ነው? ልምምድ ውስጥ ነው፤ ይህን ደግሞ የእኛ አሠልጣኞች ስሙን ሳይጠሩ ሲሠሩበት ኖረዋል። ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ ወይም እንጦጦ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ የተገኘ ሰው ሯጮቹ ስለ ኪሎ ሜትር ከማውራታቸው በፊት ስለ መሬት ሲያወሩ ይሰማል፤ ዛሬ ጫካ ነው? ኮሮኮንች ነው? አስፋልት ነው? በቀላሉ ቀን በባሕር ዛፉ መሐል ዝግዛግ ይሮጣሉ፤ ሥር እየዘለሉ፣ ቁልቁለቱን እየተጠማዘዙ፣ እግራቸው አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ቀድሞው ሳያርፍ። አስፋልት ለከባዱ ቀን ይቀመጣል። ያ ልዩ ልዩ መሬት ቁርጭምጭሚትንና ትንንሾቹን የእግር ጡንቻዎች የሚያሠራበት መንገድ ባለ ጣት ጫማ ገዝቶ ለስላሳ የእግረኛ መንገድ ላይ ከመሮጥ ይበልጣል ባይ ነኝ። ጫማ አድርገውም እግራቸውን አያስተኙትም።

እዚህ ላይ ግን ጉዳዩ ከሩጫ ያልፋል። ጫማውን የሚያወልቅ ሰውና ጫማ ኖሮት የማያውቅ ሰው አንድ አይደሉም። በደጋማው የአገራችን ክፍል፣ ዝናብ በሚበዛበትና ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ባለበት፣ በባዶ እግር ማረስና መኖር እግር ያሳብጣል። በአፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በውስጥ እግር ቆዳ ገብተው የሊምፍ መተላለፊያዎችን ይጎዳሉ፤ ዓመታት ሲያልፉ እግሩ ያብጣል፣ ቆዳው ይሻክራል። ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ትንኝ አያመጣውም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ይህ እየታወቀ ብዙዎች በበሽታው ምክንያት ትዳር ተከልክለዋል፣ ከትምህርት ቤት ቀርተዋል። በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደያዛቸው ይገመታል። መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው። ከዚህ የቀለለ መከላከያ ያለው፣ ከዚህ የከፋ ችላ የተባለ በሽታ አላውቅም።

ስለዚህ የባዶ እግርን ውበት የሚያወድስ ጽሑፍ ባነበብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ የወላይታ ገበሬ ነው። ጫማውን አውልቆ የሚሮጠው የካሊፎርኒያ ሰው ሲጨርስ እግሩን ታጥቦ ካልሲውን ያደርጋል፤ ለእሱ ባዶ እግር ለአንድ ሰዓት የሚቆይ ምርጫ ነው። ገበሬው ግን በዚያው እግር ያርሳል፣ ገበያ ይሄዳል፣ ያድራል። የገጠር ልጅ በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ለሩጫ ማስታወቂያ ሲውል ያየሁ ጊዜ ንዴት ይይዘኛል። ያ ልጅ የነገ አበበ ሊሆን ይችላል፤ የነገ የዝሆኔ ሕመምተኛም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ዕድል እጅግ የሰፋ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልሞክረው የሚል የከተማ ሰው ካለ አልከለክለውም፤ እንዲያውም ልኩን ካወቀ ይጠቅመዋል። ከሩጫ በፊት በቤት ውስጥና በግቢ በባዶ እግር መራመድ ይቅደም። ሩጫው ሲጀመር በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከመደበኛው ልምምድ መጨረሻ ላይ፣ ከ10 ደቂቃ የማይበልጥ ይሁን፤ የቀረው በለመዱት ጫማ። በጣት መሮጥ ግዴታ ነው ብለው ተረከዛቸውን በግድ አንጠልጥለው የሚሮጡ አሉ፤ ባታቸውን ይጨርሱታል። እርምጃ ይጠር፣ ይፍጠን፣ ድምፅ አይኑረው፤ እግር አስፋልቱን ጧ ካደረገ አንድ ነገር ተበላሽቷል። በነጋታው ባት ቢከብድ ያለ ነው። የእግር ጀርባ፣ ከጣቶቹ ወደ ላይ ያለው አጥንት፣ በአንድ ነጥብ ላይ ሲነካ ካመመ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ያን ቀን ማቆም፣ ካልተሻለም ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

ሰው ሁሉ ሳር ይሻላል ይላል። ከፊል እውነት ነው። ሳር ለስላሳ ቢሆንም ሥሩ ያለውን አይናገርም፤ ቆርኪውም ስባሪ ጠርሙሱም እሾሁም እዚያ ይደበቃል። ንጹሕ አስፋልት ቢያንስ ያለውን ያሳያል፤ ሐሰተኛ አረጋገጥንም ወዲያው ያጋልጣል። በክረምት አይሞከር ባይ ነኝ፤ ውሃ የጠጣ ቆዳ በትንሽ ነገር ይቆረጣል፣ ጎርፉ የሚያመጣውም ነገር ይታወቃል። የቴታነስ ክትባት ያልወሰደ ይውሰድ። የስኳር ሕመም ያለበትና እግሩ የሚደነዝዘው ሰው ግን ጭራሹኑ አይሞክረው፤ ቁስሉን ሳያውቀው ይውላል።

ለሯጭ ከጫማ በላይ የሚቸግረው ሜዳ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ጫማውን አውልቆ ያለ ስጋት የሚሮጥበት ንጹሕ ሳር ስንት ቦታ ቀረ? ጃን ሜዳ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የአትክልት ገበያ ሆኖ ነበር፤ ገበያው በቀጣዩ ዓመት ቢነሳም አንድ ሜዳ በስንት ቀን ምን ሊሆን እንደሚችል ያየንበት ነው። ከተማዋ መንገድ ስታሰፋ፣ የወንዝ ዳርቻ ስታስውብ፣ መናፈሻ ስትሠራ ሁሉንም በሴራሚክና በኮንክሪት ከመሸፈን በየክፍለ ከተማው አንድ የ400 ሜትር የሳር ዙር ትተውልን፤ ጠርሙስ የማይሰበርበት፣ በየማለዳው የሚጠረግ፣ ለመግባት የማይከፈልበት። ይህን የሚወስኑ ሰዎች ስታዲየም ከመመረቅ ባነሰ ገንዘብ ያደርጉታል። ጫማ ያለውም፣ ያወለቀውም፣ ገና የሚገዛለት ልጅም ይሮጥበታል።